አንዲት መርፌ ልቀይር ብዬ

ይህን ማስታወሻ ስጀምረው ግማሽ ገጽ ይበቃዋል ብዬ ነበር። ሥራው አንድ ብቻ ነበር፤ የአባቴን ሸክላ ማጫወቻ መርፌ መቀየር። የደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ «መርፌ፣ 800 ብር» ይላል። ከሥሩ «ድምር፣ 800 ብር» ብዬ በማስመሪያ ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ። አሁን ያን ገጽ ስገልጠው የራሴ የእጅ ጽሑፍ መሆኑን ለማመን ይቸግረኛል።

ጥቅምት 9

ሸክላዎቹ ተቆጥረው 43 ሆኑ። አራቱ ትልልቆቹ ናቸው፤ የቀሩት 39 በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩት ትንንሾቹ። አባቴ ካረፈ ወዲህ ከቡፌው ሥር በጫማ ካርቶን ተቀምጠው ከርመዋል። አቧራቸውን በለስላሳ ጨርቅ እያነሣሁ አንድ በአንድ ሳያቸው ከግማሽ የሚበልጡት የአምሃ ሬከርድስ ምልክት አለባቸው። አምሃ እሸቴ ይህን ድርጅት ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። በጊዜው ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ የተሰጠው ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ስለነበር፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ የነበረው ወጣት የሠራው ሥራ በግልጽ ቋንቋ ሕግ መተላለፍ ነበር። እሱ ባይተላለፍ ኖሮ ይህ ካርቶን ግማሹ ባዶ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ ካሴት መጣና ሸክላው ሁሉ ቡፌ ሥር ገባ።

እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ ቡና እየለቀመች ነበር። «ያቺን አሰማኝ እስቲ» አለችኝ። የትኛዋን ብሎ መጠየቅ አያስፈልግም። በቤታችን «ያቺ» ሲባል የምትታወቅ አንዲት ሸክላ አለች። ሁለተኛው አዝማች ሊገባ ሲል «ጠቅ» የምትልበት ቦታ አላት፤ በተጋቡ ሰሞን አባቴ መርፌውን ከእጁ አምልጦት የጣለበት ጠባሳ ነው። እናቴ ዘፈኑን ወጥ ቤት ውስጥ ስታንጎራጉር እንኳ እዚያ ቦታ ስትደርስ በምላሷ «ጠቅ» ታደርጋለች።

ማጫወቻው ዞረ። ዘፋኙ ግን በሦስት ብርድ ልብስ ተሸፍኖ የሚዘፍን ይመስል ነበር።

ጥቅምት 12

ማጫወቻውን ይዤ የሬዲዮና የቴፕ ጠጋኝ ዘንድ ሄድኩ። ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ስለሚላቸው እኔም እዚህ ጋሼ እላቸዋለሁ። የሰዓት ሠሪ ማጉያ መነጽር ዓይናቸው ላይ ሰክተው መርፌውን አገላብጠው አዩትና «ይህ መርፌ አይደለም ልጄ፣ ማረሻ ነው» አሉኝ።

እንዳስረዱኝ ከሆነ የዚህ ዓይነቱ ማጫወቻ ክንድ ጫፍ ላይ ክሪስታል አለ። መርፌው ሲንቀጠቀጥ ክሪስታሉን ያጣምመዋል፤ ክሪስታሉም ሲጣመም ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ርካሽ ነው፤ የሚያወጣው ኃይልም ብዙ ነው። ችግሩ ሸክላው ላይ የሚጭነው ክብደት ነው፤ ስድስት ግራም አካባቢ ይጭናል። የተበላ መርፌ በዚያ ክብደት ሲሄድ የሸክላውን ቦይ ይፍቀዋል። ማግኔት ያለው አዲሱ ዓይነት ካርትሪጅ (መርፌው የሚሰካበት የክንዱ ጫፍ) ግን በሁለት ግራም ይሠራል።

«መርፌው ከተገኘ እቀይርልሃለሁ፤ ይበቃሃል» ብለው ጨረሱ። ጋሼ ከተናገሩት ሁሉ እኔ ይዤ የተመለስኩት «በሁለት ግራም ይሠራል» የሚለውን ብቻ ነው።

ጥቅምት 24

ሁለት ቅዳሜ መርካቶን አዳረስኩ። ምን አለሽ ተራ ውስጥ የፍሪጅ ሞተር፣ የአውሮፕላን የሚመስል ወንበር፣ ያለ ቁልፍ የተሸጠ ካዝና አየሁ። «ምን አለሽ?» ስትባል ሁሉም ያላት ሰፈር መርፌ ግን አልነበራትም።

ማታ ቨርጂኒያ ላለችው ታናሽ እህቴ ደወልኩ። «ወንድምዓለም፣ መርፌ ብቻውን ከምልክልህ ማጫወቻውን እንዳለ ብልክልህስ? እዚህ ከሰው ቤት የወጣ ዕቃ በርካሽ ይሸጣል» አለችኝ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኸው ነው። ላኪው አልኳት።

ኅዳር 30

ሰው ይዞልኝ መጣ። በሁለት ፎጣና በአንድ የልጆች ካፖርት ተጠቅልሏል። የ1970ዎቹ የጃፓን ሥሪት ነው፤ ከባድ፣ ጎኑ የእንጨት፣ ክዳኑ ትንሽ የተጫረ። ሞተሩ ሳህኑን የሚያዞረው በቀጭን የላስቲክ ቺንጊያ ነው። ከእሱ ጋር እህቴ በስጦታ መልክ አዲስ ካርትሪጅ ልካለች፤ የኦዲዮ ቴክኒካ ቪኤም95ኢ፣ 70 ዶላር ገደማ። መርፌውን በጥፍር ነቅሎ ሌላ መሰካት ይቻላል ይላል ወረቀቱ። ይህን ዓረፍተ ነገር ያኔ እንደ መልካም ነገር ነበር ያነበብኩት።

ዕቃው የአሜሪካ ስለሆነ የሚሠራው በ110 ቮልት ነው። ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር በ4,800 ብር ገዛሁ። ከመርፌው ስድስት እጥፍ መሆኑን ደብተሩ ላይ ስጽፍ እጄ ትንሽ ዘገየ።

ማጫወቻውን ከቤታችን ቴፕ ጀርባ ሰካሁና ያቺን አስቀመጥኩ። ቴፑን እስከ መጨረሻው ከፍቼውም ድምፁ የትንኝ ያህል ነው። ይህ አንድ ነገር ነው። ሌላው የባሰ ነበር፤ ሳክስፎኑ እንደ ወፍራም መለከት ያጓራል፣ ዘፋኙ ቃላቱን እንደ ማስቲካ ይጎትታል። እናቴ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ «ታሟል እንዴ ይህ ሰውዬ?» አለች።

ሳህኑ ጠርዝ ላይ ቁራጭ ነጭ ወረቀት ለጥፌ በስልኬ ሰዓት ቆጠርኩ። በደቂቃ 45 ጊዜ መዞር ሲገባው 37 ተኩል ዞረ። ደግሜ ቆጠርኩ። 37 ተኩል።

ታኅሣሥ 2

ሌሊቱን የገባኝ ነገር ይህ ነው። የአሜሪካ ኤሌክትሪክ በሰከንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል፤ የእኛው 50 ጊዜ። የዚህ ማጫወቻ ሞተር ደግሞ ፍጥነቱን የሚወስደው ከቮልቱ ሳይሆን ከመመላለሱ ነው። ስለዚህ እዚያ በደቂቃ 300 ጊዜ የሚዞር ሞተር እዚህ 250 ብቻ ይዞራል። 45ን በ50 አባዝቶ ለ60 ማካፈል ነው፤ 37 ተኩል። ሙዚቃው ከሦስት ግማሽ ድምፅ (በፒያኖ ከሦስት ተከታታይ ቁልፎች) በላይ ወርዷል ማለት ነው። ትራንስፎርመሩ ቮልቱን ይቀንሳል እንጂ ድግግሞሹን አይነካም። 4,800 ብሬን ያወጣሁት ሞተሩ እንዳይቃጠል ነው፤ በትክክል እንዲዞር ደግሞ ሌላ ወጪ አለ።

ጋሼ ሰምተው ሳቁ። «ሞተሩ ከዘገየ ቺንጊያው የሚጠመጠምባትን ፑሌጃ ማወፈር ነው። ቶርኖ ቤት ሂድ።»

ታኅሣሥ 8

የቶርኖ ባለሙያው ከዚህ ቀደም የወፍጮ ዘንግና የባጃጅ ቡሽ እንጂ እንዲህ ያለ ዕቃ ቀርጾ አያውቅም። ፑሌጃዋን መዳፉ ላይ አስቀምጦ እንደ ቀለበት አያት። ሁለት ደረጃ አላት፤ ቀጭኑ ለትልልቆቹ ሸክላዎች፣ ወፍራሙ ለትንንሾቹ። በካሊበር ስንለካቸው 19.5 እና 26.5 ሚሊሜትር ሆኑ። በ1.2 አባዛሁ፤ 23.4 እና 31.8። ወረቀት ላይ ጽፌ ሰጠሁት። ከናስ ቀረጸልኝ፣ 900 ብር።

የናሱ ብናኝ ክንዱ ላይ እንደ ወርቅ ሲብለጨለጭ፣ ማሽኑ ቆሞ ትኩስዋን ፑሌጃ በጨርቅ ይዞ ሲያቀብለኝ፣ እውነቱን ለመናገር በዚህ ሥራ ውስጥ ከሙዚቃው እኩል ደስ ያለኝ ያ ቅጽበት ነው።

ታኅሣሥ 9

45 ዞረ። እናቴ መጥታ ቆማ ሰማች። «ዳነ» አለች።

እዚህ ላይ ማቆም የሚችል ሰው አለ። እኔ ግን 180 መስመሮች ያሉበት ክብ ወረቀት አትሜ ነበር። በእኛ ኤሌክትሪክ የሚበራ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ደመቅ ደብዘዝ ይላል። ወረቀቱን ሳህኑ ላይ አድርገው በትልልቆቹ ፍጥነት ሲያዞሩት መስመሮቹ የቆሙ ከመሰሉ ፍጥነቱ ልክ ነው፤ ወደ ኋላ ከሸሹ ዘግይቷል። በቤታችን ኤልኢዲ አምፖል ምንም አልታየኝም፤ አይርገበገብም። የድሮውን ባለ ክር አምፖል ለማግኘት አራት ሱቅ ዞርኩ፣ 50 ብር።

መስመሮቹ ወደ ኋላ ይሸሻሉ። በደቂቃ 30 መስመር ያህል። ሲሰላ ግማሽ በመቶ መዘግየት ነው። ከአንድ ግማሽ ድምፅ አንድ አሥረኛውን እንኳ አይሞላም፤ ማንም ጆሮ አይለየውም፣ የእኔም አልለየውም። ዓይኔ ግን አየው። ከዚያ በኋላ ሙዚቃ ስሰማ የሚታየኝ የሚሸሽ መስመር ሆነ።

ታኅሣሥ 19

ስህተቱ የእኔ ነው፤ የቺንጊያውን ውፍረት ረስቻለሁ። ቺንጊያው 0.6 ሚሊሜትር ነው፤ የሚጎትተው በላስቲኩ መሐል እንጂ በናሱ ቆዳ ስላልሆነ፣ ማባዛት የነበረብኝ ከእነ ላስቲኩ ነው። ትክክለኛው ልክ 23.52 እና 31.92። ለሁለተኛ ጊዜ ሄድኩ።

«ስንት ይወፍር?» አለኝ ባለሙያው።

«0.12 ሚሊሜትር።»

ሥራውን አቁሞ አየኝ። «ወንድሜ፣ ይህ እኮ የፈረስ ጭራ ነው።» ቢሆንም ቀረጸው፤ 500 ብር። ያለ ጥድፊያ ስለሠራው የመጀመሪያዋ ላይ የነበረውም ጥቂት መወላገድ ጠፋ። በእሷ ጊዜ ረጅም የኦርጋን ድምፅ ሲመጣ በውሃ ላይ እንደተቀመጠ ይዋዥቅ ነበር፤ ሸክላው መስሎኝ ነበር። ማታ መስመሮቹ ቆሙ። አምፖሉ ሥር ቁጭ ብዬ የቆመ መስመር ሳይ አመሸሁ። ሙዚቃ አልከፈትኩም።

ጥር 14

ጥምቀት አልፎ እንግዳው ሁሉ ሲሄድ ወደ ትንኟ ድምፅ ተመለስኩ። የማግኔት ካርትሪጅ ያ ክሪስታል የነበረውን ኃይል የለውም፤ የሚያወጣው አራት ሚሊቮልት ገደማ ነው። ከቴፕ ጀርባ የሚሰካ ዕቃ የሚጠበቅበት ደግሞ በመቶዎች ሚሊቮልት ነው።

ማጉላት ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። ሸክላ ሲቀረጽ ወፍራሙ ድምፅ ሆን ተብሎ ይቀነሳል፤ እንዳለ ቢቀረጽ ቦዩ እየሰፋ ከጎረቤቱ ጋር ይጋጫልና። ቀጭኑ ድምፅ ደግሞ ከሸክላው ሹክሹክታ በላይ እንዲሰማ ከፍ ይደረጋል። በሁለቱም ጫፍ ወደ 20 ዴሲቤል ይደርሳል። እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ ዓለም የተስማማበት አንድ ልክ አለ፤ የሚያጫውተው መሣሪያ ያንኑ ልክ ገልብጦ ወፍራሙን ያነሣል፣ ቀጭኑን ያወርዳል። ይህን የሚያደርገው «ፎኖ» የሚል መሰኪያ ያለው አምፕሊፋየር ነው። ቴፓችን የለውም።

ጋሼ መጋዘናቸው ውስጥ አንድ ነበራቸው፤ የድሮ ጃፓን፣ ፊቱ ብር የሚመስል፣ በ220 የሚሠራ። 16,500 ብር። ዋጋውን ሲነግሩኝ ጣሪያውን እያዩ ነበር። ተከራክሬ አንድ ሺህ እንኳ አላወረድኩም። ለሚስቴ ስነግራት «መርፌው ስንት ነበር?» ብላ ጠየቀች። እንደማታውቅ ሆና ነው እንጂ ደብተሩን አንብባዋለች።

የካቲት 3

ድምፁ መጣ። ወፍራሙም ቀጭኑም በየቦታው ነው። ከሁሉም ሥር ግን «እምምም» የሚል አለ፤ ዘፈኑ ሲያልቅ እንደ ንብ ቀፎ ብቻውን ይቀራል። አራት ሚሊቮልትን የሚያጎላ መሣሪያ ከግድግዳው ሽቦ የሚፈሰውንም አብሮ ያጎላል። የማጫወቻውን ቀጭን የመሬት ሽቦ ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ አሰርኩ፤ ግማሹ ጠፋ። ሌላውን ግማሽ ፍለጋ የግድግዳውን ሶኬት ስንፈታ የመሬት መስመሩ ቀዳዳው ብቻ ነው ያለው፤ ከጀርባው ሽቦ የለም። ቤቱ ከተሠራ ጀምሮ አልነበረም።

ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርቼ ከጓሮው ጌሾ ሥር የመዳብ ዘንግ አስመታሁ፤ ከእነ ሽቦውና እጅ ዋጋው 2,300 ብር። «እምምም»ታው ጠፋ። የልብስ ማጠቢያው ማሽን በእርጥብ እጅ ሲነካ ንዝር ማድረጉንም አብሮ ተወ። ከወጪዎቼ ሁሉ ሚስቴ ያላጉረመረመችበት ይህ አንዱ ነው።

የካቲት 20

ሑዳዴ ገብቷል። በእናቴ ቤት በዚህ ጾም ዘፈን አይከፈትም፤ ክርክርም የለውም። ስለዚህ አምፕሊፋየሩን ለመክፈት ጊዜ አገኘሁ። የድምፅ ማስተካከያው ሲዞር ይንኮሻኮሽ ነበር፤ የግራው ወገን ደግሞ ከሞቀ በኋላ ይደክማል። ጋሼ አጠገቤ ተቀምጠው እኔ መበየጃውን ያዝኩ። መጀመሪያ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ዋናዎቹ ኮንደንሰሮች ባዶ መሆናቸውን ለኩ፤ «ተነቅሏል ብለህ አትመን፤ ሳምንት ሙሉ ነክሶ የሚጠብቅ አለ» አሉኝ። አናታቸው ያበጠ ስድስት ኮንደንሰሮች አወጣን። ከእነ ማጽጃ ፈሳሹ 1,150 ብር። ሠራ አልሠራ ለማወቅ ሁለት ወር ሊጠጋ መጠበቅ አለብኝ።

ሚያዝያ 13፣ የፋሲካ ማግስት

ጠዋት ዶሮ ወጡ ሳይሞቅ እናቴ «ክፈተው እንጂ» አለች።

ከፈትኩት። የመጀመሪያው ባስ ጊታር ሲገባ ቡፌው ውስጥ ያሉት ስኒዎች ተንጫጩ። ሁለተኛው ላይ የኮርኒሱ ጥግ ተርገበገበ። ሦስተኛው ላይ የቀኙ ስፒከር ራሱ እንደ ተቀደደ ከበሮ ፈረፈረ። ስፒከሮቹ የድሮው የአባቴ ናቸው፤ እስከ ዛሬ ምንም አላሉም ነበር። ወፍራም ድምፅ በዚህ ኃይል ደርሷቸው ስለማያውቅ ነው ዝም ያሉት። ጨርቁን ገልጬ በጣቴ ብነካው የወረቀቱን ዙሪያ የያዘው ስፖንጅ እንደ ደረቅ ዳቦ ተፈረፈረ።

ያን ቀን ደብተሩ ላይ የጻፍኩት አንድ ቃል ነው፤ «ስፒከር»።

ግንቦት 2

አዲስ አልገዛሁም፤ ይህን ለራሴ ክብር ስል መዝግቤዋለሁ። ስፖንጁን ብቻ አስቀየርኩ፣ 3,200 ብር። ሙጫው ሳይደርቅ ወረቀቱ መሐል ለመሐል መቀመጡን ለማረጋገጥ በሁለት ጣት ቀስ አድርጎ መጫን፣ ጆሮን አስጠግቶ መፋቅ አለመፋቁን ማዳመጥ ያስፈልጋል። ትንሽ ካዘነበለ ውስጡ ያለው ጥቅል ሽቦ ማግኔቱን ይነካል። ግራው በመጀመሪያው ሙከራ፣ ቀኙ በሦስተኛው ተስተካከለ።

በዚህ ሳምንት አንድ የሥራ ባልደረባዬ ባለ 200 ዋት አምፕሊፋየር ሊሸጥልኝ መጣ፤ የእኔው 50 ነው። ጋሼን ጠየቅኳቸው። «ኃይሉን እጥፍ ብታደርገው ሦስት ዴሲቤል ነው የምታገኘው፤ አራት እጥፍ ብታደርገው ስድስት። የአንተ ጎረቤት ይህን ይፈልጋል?» አሉኝ። አልገዛሁም። ይህም ተመዝግቧል።

ስፒከሮቹን ከቡፌው አውርጄ አናጢ ከተረፈው ጣውላ በሠራሁት ማስቀመጫ ላይ አቆምኳቸው። በሁለቱና በወንበሬ መሐል ያለውን ርቀት በሜትር ለካሁ። ግድግዳው ላይ አንድ ጋቢ ሰቀልኩ፤ ማስተጋባቱ ቀነሰ። ሚስቴ ጋቢውን አይታ ምንም አላለችም። ዝምታዋ ግን ከስኒዎቹ ጩኸት በላይ ተሰማኝ።

ግንቦት 17

ዛሬ የሆነውን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ግን ማስታወሻ ነው። ስፒከሮቹን በጣት እያስጠጋሁ እያራቅኩ ዘፋኙን መሐል፣ ሳክስፎኑን ግራ፣ ኦርጋኑን ቀኝ ለማስቀመጥ ሦስት ቀን ደከምኩ። ሁሉም መሐል ላይ ተጨናንቀው አልንቀሳቀስ አሉኝ። ሽቦውን ጠረጠርኩ፣ ካርትሪጁን ጠረጠርኩ፣ ኮንደንሰሮቹን ጠረጠርኩ። ጋሼ መጥተው ያቺን አንሥተው በመነጽራቸው መሐሏ ላይ ያለውን ወረቀት አነበቡና መልሰው አስቀመጧት።

«ሞኖ ናት» አሉ።

ካርቶኑን በሙሉ ፈተሽን። ስቴሪዮ የሆኑት፣ ማለትም ለግራና ለቀኝ የተለየ ድምፅ ያላቸው፣ ሦስት ብቻ ናቸው፤ ሦስቱም ከትልልቆቹ። ለቀሩት 40 አንድ ስፒከር ይበቃ ነበር። ጋሼ እጃቸውን ዘርግተው አምፕሊፋየሩ ፊት ላይ «ሞኖ» የምትለውን ቁልፍ ተጫኑ። ከጥር ጀምሮ ዓይኔ ሥር የነበረች ቁልፍ ናት። ወዲያው ከጀርባ ያለው መንኮሻኮሽ ቀነሰ። የሞኖ ሸክላ ሙዚቃው ያለው መርፌው ወደ ጎን በሚሄድበት ነው፤ ወደ ላይና ወደ ታች የሚያነጥረው ቆሻሻና ጭረት ነው። ቁልፏ ሁለቱን ወገን ስትደምር ያ ማንጠር እርስ በርሱ ይጣፋል። በእነዚህ ወራት ሁሉ ትልቁን ለውጥ ያመጣው ምንም ያልተከፈለበት ጣት ነው።

ሰኔ 21

እህቴ በእረፍት መጣች። ጥያቄዋ የመጀመሪያው ስለ ማጫወቻው ነበር፤ እጅ መንሻዋም ትንሽ ሳጥን። «መርፌውን በጥፍር ነቅሎ ሌላ መሰካት ይቻላል» ያለው ወረቀት ሥራውን ሠራ ማለት ነው። የዚያው የቪኤም95 ዘመድ፣ ጫፉ በጣም ቀጭን ሆኖ የተሳለ መርፌ ነው። የድሮው ማረሻ የሄደበትን የቦይ ክፍል ትቶ ሌላው ያልደረሰበትን ግድግዳ ይነካል ይላሉ።

ማታ ሰክተነው ልንሰማ ስንል ክረምቱ ወረደ። ቆርቆሮው ላይ የሚዘንበው ዝናብ ሁሉንም ዋጠው። 29,400 ብር የወጣበት ሙዚቃ ጣሪያውን ማሸነፍ አልቻለም። እህቴ «ኮርኒሱ ላይ ጥጥ ቢነጠፍበትስ?» አለች። ሚስቴ ከጓዳ «አታስቢው» ብላ መለሰች። እኔ ግን የኮርኒሱን ስፋት በዓይኔ እየለካሁ ነበር፤ አራት በአምስት ነው።

ሐምሌ 6

ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ቆመ። እናቴን ወንበሬ ላይ አስቀምጬ ያቺን በአዲሱ መርፌ አስነሣኋት። ዘፋኙ ከክፍሉ መሐል ቆሞ አተነፋፈሱ ይሰማል። ከግጥሙ መሐል ስሰማው ያደግኩት አንድ ቃል እስከ ዛሬ በስህተት ስሰማው እንደነበር ገባኝ። ከበሮው ላይ የሚመታው እጅ ይታወቃል። እህቴ አለቀሰች፤ እሷ ግን በጉዞ ሰሞን በትንሽ ነገር ታለቅሳለች።

ሁለተኛው አዝማች ሊገባ ሲል እናቴ በምላሷ «ጠቅ» አደረገች። ሸክላው ላይ የተሰማው ግን እንደ ልብስ ቁልፍ ድምፅ የደከመ ነገር ነው፤ ልብ ያላለ ሰው አይሰማውም። ቀና ብላ አየችኝ። ዘፈኑ እስኪያልቅ ምንም አልተናገረችም።

«የእኛዋን የት አደረግሃት?» አለች።

«ያቺው ናት እማዬ፤ መርፌው ነው የተቀየረው።»

«አይደለችም። አባትህ የጣለባት የለችም።»

መርፌውን በጥፍሬ ነቅዬ የፊተኛውን የቪኤም95ኢ መርፌ መለስኩና ደግሜ አስነሣሁ። «ጠቅ» አለች። እናቴ ሻሿን አስተካክላ ወደ ኋላ ተደገፈች።

አሁን ለእሷ አንድ መርፌ፣ ለእኛ አንድ መርፌ ነው። ቀጭኑ መርፌ ግን በየጊዜው የሚነቀል የሚሰካ ነገር አይደለም፤ እጄ አንድ ቀን ይስታል። መፍትሔው ሁለተኛ ካርትሪጅ ገዝቶ በራሱ መያዣ ላይ ማሰርና መያዣውን ከእነ ካርትሪጁ መቀያየር ነው። እህቴ ዛሬ ማታ ቨርጂኒያ ስትገባ ዋጋውን አይታ ትልክልኛለች። ደብተሩ ላይ አዲስ ገጽ ገልጬ «መያዣ» ብዬ ጽፌያለሁ። ከሥሩ አላሰመርኩም።